ሰማዩን ለእኛ ተው

የሰደበኝ የጥሩሐረግ ልጅ፣ አብራሪው ምስጋናው ነው። ቀኑ የሐምሌ ሥላሴ ማግስት፤ ቦታው ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ፣ እኔ በእጄ ኖራ ቀብቼ ከደረደርኳቸው ነጫጭ ድንጋዮች አጠገብ፤ ሰሚዎቹ መድኃኒት ሊያራግፉ የመጡ ወዛደሮችና አንድ የመኪና ሾፌር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ «ደሴ ቂም ይዞ ነው ያልመለሰለት» እያለ የሚያማኝ እንዳለ ስለማውቅ ነው። ቂም ከተባለ ቂሙ ከየት እንደመጣ ይታወቅ።

ያን ጠዋት ከደሃና በኩል ደመናው ተራራውን ለቆ ወደ ታች ይፈስ ነበር። ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ምስጋናው ጭነቱን አራግፎ ሊነሣ ሲል ጠጋ አልኩና፣ «ልጄ፣ ጥቂት ብትቆይ ይሻላል፤ ደመናው ወርዷል» አልኩት።

ጥቁር መነጽሩን እንኳ አላወለቀም። «ደሴ፣ አንተ ከብትህን አባርር። ሰማዩን ለእኛ ተው» አለኝ።

ወዛደሮቹ ሳቁ። ሾፌሩማ መሪውን እየደበደበ ነው የሳቀ።

«አንተ» አለኝ። የእናቱ ቤትና የእኔ ቤት የሚለያቸው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። «አያ ደሴ፣ አንቱ» እያለኝ ነው ያደገ። እኛ አገር እንኳን ጎረቤቱን፣ መንገድ ላይ ያገኙትን የማያውቁትን ሽማግሌ «አንቱ» ይሉታል። እሱ ግን ትከሻው ላይ ቢጫ መስመር ከተሰፋለት ወዲህ እኔ «አንተ» ሆንኩ። እሱ ሄደ፤ ደመናው ዋጠው፤ ምንም ሳይሆን ደረሰ። ይኸ ደግሞ የባሰ አበሸቀኝ።

ሥራዬን ልናገር። እኔ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ፊርማዬ የጣት አሻራ አይደለም። ማረፊያው ጠጠር ሲፈስበት ድንጋዩን ከለቀሙት አንዱ ነኝ። «ሲያልቅ ቢሮ ትገባለህ» ያለኝ ሰውዬ ሲያልቅ ዱላ ሰጠኝ። አውሮፕላን ሲመጣ ከብት ከመንደርደሪያው አባርራለሁ። የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳየው ቀይና ነጭ ጨርቅ በጦርነቱ ጊዜ ተቀዶ የማን ልጅ ሱሪ እንደሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ እርጥብ ቅጠል አጨሳለሁ። አብራሪው ጭሱ ወዴት እንደሚያዘነብል አይቶ ይወርዳል። እንግዲህ እኔ ሰማዩን ካልተመለከትኩ ምን ላይ ነው ዓይኔ የሚውል?

አብራሪ ሲባል ሰው ወርቅ የሚያፍስ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። እውነቱን የነገረችኝ ፀደይ ናት፤ ከምስጋናው ጎን ተቀምጣ ትበር የነበረች ልጅ። እሷ ስታርፍ እኔ ያለሁበት ድንጋይ ላይ መጥታ ትቀመጣለች፤ ቆሎ እንካፈላለን።

«አያ ደሴ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «እኛ የሚከፈለን አየር ላይ ለዋልንበት ሰዓት ነው። ደመና ሆኖ ከተቀመጥን ጦማችንን ነን። ክረምቱን እንዴት እንደምከርመው እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ታዲያ ለምን አትተዪውም?»

«ትልልቆቹ አየር መንገዶች ብዙ ሰዓት የበረረ ነው የሚፈልጉ። ያንን ሰዓት የምናገኘው እዚህ ነው። የምንበርለት ድርጅት ይህን ያውቃል። ስለዚህ ግማሹን በብር፣ ግማሹን በተስፋ ይከፍለናል።» ሳቀች። «ተስፋውን ደግሞ የቤት አከራዬ አትቀበልም።»

ሰነበተችና ተወችው። ባንክ ገባች አሉ። የመጨረሻ ቀኗ ምስጋናውን እዚያው ክንፉ ሥር አቁማ «ና አብረን እንውጣ፤ ይኸ ሥራ አንድ ቀን ይበላሃል» ስትለው ሰምቻለሁ። «ትንሽ ነው የቀረኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ነው የሚመጣ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

በፍልሰታ ጾም ነው። ወደ እኛ የሚያመጣውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል፤ ለሕፃናት የሚሰጠው መድኃኒት በአየር ካልሆነ አይገባም። እኔ ከጠዋት ጀምሬ ቅጠል አጭሼ እጠብቃለሁ። ደመናው ግን የማረፊያውን ዳርና ዳር እንኳ አያሳይም። ረፋድ ላይ ድምፁ መጣ። ከላያችን ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። እንደሚፈልግ ሰው ነው የሚዞረው። ከዚያ ወደ ተከዜ አቅጣጫ ሄደ፣ ቀጠነ፣ ተቆረጠ።

ስልኩ በዚያ ሰሞን ጭራሽ አይሠራም ነበር። በማግስቱ ከቆላ የመጡ ከብት ነጋዴዎች ገደል ውስጥ ጭስ አይተናል አሉ። የምስጋናው አጎት መንግሥቴ እየሮጠ መጣና ክንዴን ያዘኝ።

«አያ ደሴ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፤ ልጁ መጣ ወይስ አልመጣም?»

«ሲመጣ ሰምቻለሁ፤ ሲመለስ አልሰማሁም» አልኩት።

ይህን ነው ያልኩ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። መንግሥቴ ግን ኩታውን አፉ ላይ ያዘ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። በነጋው ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጥሩሐረግ ደጃፍ ቆሙ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ደጇ ቆሞ ያየች ሴት ማንም እስኪነግራት አትጠብቅም። ጩኸቷ እኔ ቤት ድረስ ሳይሆን ማዶ ገበያው ድረስ ተሰማ።

ሬሳ ሲታጣ በልብሱ ነው የሚለቀስ። የቀድሞ ነጭ ሸሚዙን፣ ያንን ትከሻው ላይ መስመር ያለበትን፣ አልጋው ላይ ዘረጉት፤ እጅጌዎቹን ደረቱ ላይ አጣጠፉለት። አልቃሿ እንዲህ አለች፦

«ሲበር ያየነውን ሲወርድ ሳናየው፣
ልብሱን አስተኛነው፣ ገላው የት ነው ያለው?»

እኔም አለቀስኩ። ሰው ነኝ።

በሣልስቱ ሁላችንም ዳሱ ውስጥ ሳለን ድምፁ መጣ። መጀመሪያ የሰማችው አልቃሿ ናት፤ ቃሉን ጉሮሮዋ ላይ አስቀረችው። የዚያን ሞተር ድምፅ የማያውቅ ሰው ሰቆጣ ውስጥ የለም። ተነሥቼ ሮጥኩ።

ስደርስ መንደርደሪያው ከብት ሞልቶታል። የሚያባርር የለማ፤ አባራሪው ልቅሶ ላይ ነው። እነዚህ ከብቶች ድምፁን ገና ከሩቅ ሲሰሙ ጭራቸውን ቀስረው የሚበታተኑ ናቸው፤ በዱላ የማባርረው የዘገየውን ብቻ ነው። ያን ቀን አውሮፕላኑ ከደመናው ሥር ወጣ፣ ጠጠሩን ነካ፣ እያጓራ ወደ እነሱ መጣ። አንድም ላም ቀና አላለችም። አፍንጫቸው ሥር መጥቶ ቆመ። ይግጣሉ። የሞተሩ ነፋስ የጀርባቸውን ጠጉር ወደ ኋላ አስተኝቶታል፤ እነሱ ይግጣሉ።

ምስጋናው ዘሎ ወረደ። «ምን እየሠራህ ነው እንጀራ የምትበላ? ልትገድለኝ ነው? ከብቱን ለምን አላባረርክም?»

«ልቅሶ ላይ ነበርኩ» አልኩት።

«የማን ልቅሶ?»

«ያንተ።»

ነገሩ ሌላ ኖሯል። ማረፍ ሲያቅተው ላሊበላ ሄዶ አርፏል፤ እዚያ ለነዳጁ የሚከፍል ጠፍቶ፣ ድርጅቱም ስልክ አላነሣ ብሎ ተቀምጧል። ቤት ኪራይ ያላገኘ ሰው ነዳጅ በምኑ ይቅዳ? የገደሉ ጭስም የከሰል አክሳዮች ኖሯል። ምንም ተአምር የለበትም። እኔም ለራሴ እንዲሁ አልኩ።

አብረን ወደ እናቱ ቤት ወጣን። የጥሩሐረግ ውሻ እኔን፣ የአጥር ጎረቤቷን፣ ባየ ቁጥር ሰንሰለቱን የሚበጥስ ነው። ምስጋናው በፊቱ ሲያልፍ ውሻው ጭራውን እንኳ ሳይቆላለት አገጩን መሬት ላይ እንዳደረገ ቀረ። እኔ ከኋላ ስመጣ ጮኸ።

ዳሱ ውስጥ እልልታ የጠበቀ ሰው ካለ ተሳስቷል። ሰዉ ወደ ግራና ቀኝ ተከፈለለት። ጥሩሐረግ በሩ ላይ ቆማ አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ «ማን ነህ?» አለችው። ልጇን።

ቄስ ዓለምብርሃን መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። «ቆይ፣ አትግባ። መጽሐፍ ላይ የለም፤ ግን ከአባቶቻችን የመጣ ነገር አለ። ቆሞ ሳለ የተለቀሰለት ሰው እንዲሁ ደጅ አይዘልቅም። ወሬው ከአንደበቱ የወጣው ሰው ከውስጥ ሆኖ በስሙ ሦስት ጊዜ ይጠራዋል፤ እሱም ሦስት ጊዜ ‹አቤት› ብሎ ይገባል። ያኔ ልቅሶው ይፈታል፤ ልብሱ ይታጠፋል።»

«ባይልስ?» አለ መንግሥቴ።

ቄሱ ወደ መሬት አዩ። «ባይልማ ልቅሶው አልተፈታም። ያኔ እሱም ሰው ሲጠራ የሚመልስለት አይኑር ይላሉ። የሚመልስ ይከተለዋልና።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወሬው የወጣው ከእኔ አንደበት ነዋ። ገባሁና የበሩ መድረክ ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ ያ ሸሚዝ እጁን አጣጥፎ ተኝቷል።

«ምስጋናው!» አልኩ።

«አቤት» አለ፤ እየሳቀ ነው።

«ምስጋናው!»

«አቤት፣ አያ ደሴ። ደግሞ ምን ልታዘዝ?» ወደ ልጃገረዶቹ ዞሮ ጠቀሳቸው።

«ምስጋናው!»

በዚህ ጊዜ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። የደከመው ሰው ፊት ሆነ። «በቃ! ሥራ አለኝ እኮ፤ ዛሬውኑ ካልተመለስኩ የዛሬውንም አያስቡልኝም» ብሎ እኔን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ሦስተኛው ሳይመለስ ቀረ። ሁሉም ሰምቷል፤ ወይም አልሰማም ልበል።

ጥሩሐረግ ልታቅፈው እጇን አነሣች፤ አንገቱን ስትነካው ግን እጇን ሰበሰበች። «በረዶ ነው» አለች ቀስ ብላ። እንግዲህ ዝናብ መትቶት ነበር።

ተቀመጥን። ማንም ከልቅሶው ንፍሮ ሊያቀርብለት አልደፈረም። «ልጄ፣ በቃህ ውረድ» አለችው እናቱ። «ይኸ ምልክት ነው። ባዶ እጅህን ኑር፤ ግን ኑርልኝ።»

«ወርጄስ?» አለ። «አጎቴ በሬዎቹን ሸጦ፣ አንቺ ባሕር ዛፉን አስቆርጠሽ ነው ያስተማራችሁኝ። ሌጣ እጄን ልመለስ? የቀረኝ ትንሽ ነው እማዬ። ሰዓቴ ከሞላ ዓረብ አገር ያለው ትልቁ አየር መንገድ ይቀበለኛል። ያኔ በሬ አይደለም፣ ትራክተር ነው የምገዛላችሁ።»

መንግሥቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አይ የእኛ ነገር! ቢምረው የሚባለው የእህቴ ልጅ በጂቡቲ በእግሩ ሄዶ ሳውዲ ገባ፤ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። በአየር የሚሄደው የኛ ደግሞ ኪራይ ይበደራል።»

ሰው ሳቀ። ሊስቅ ምክንያት ሲፈልግ ነበር። እኔም ነገሩን ላብርድ ብዬ፣ «መሬትም ላይ ሥራ አለ እኮ፤ ፀደይ ባንክ ገባች» አልኩ።

ምስጋናው ዞሮ አየኝ። «አንተ ደግሞ! እንዳንተ የላም ዘበኛ ልሁን?»

እናቱ ፊት፣ ቄሱ ፊት። ይህንም መዝግቤዋለሁ።

ያን ዕለት ተመልሶ በረረ። ጥሩሐረግ ሸሚዙን ከአልጋው ላይ አላነሣችውም። «ሦስተኛውን ሳይመልስልኝ አላጥፈውም» አለች። እሷ መሬት ላይ ቆዳ አንጥፋ ትተኛለች፤ አልጋው የሸሚዙ ነው። እየሩስ የምትባል የእህቷ ልጅ ቤቱን ልትጠርግ ገብታ፣ ሸሚዙ ትናንት ከነበረበት ወደ ግድግዳው ዞሯል ብላ ወጣች፤ ሁለተኛ አልገባችም።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ድምፁ ይመጣል። ምንጭ የወረዱ ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው ቀና ይላሉ፤ ምንም የለም። ድምፁ ከላያችን ዞሮ ወደ ተከዜ ይሄዳል፣ ይቀጥናል፣ ይቆረጣል፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ምሳችንን በልተን ስናበቃ፣ አውሮፕላኑ ከእነምስጋናው ይመጣና ያርፋል። መጀመሪያ የመጣው የማን እንደሆነ የሚነግረኝ ይምጣ። ከብቶቹም እንዲያው ናቸው። የሌላ ድርጅት አውሮፕላን ሲመጣ ይበረግጋሉ፤ የሱ ሲመጣ እየጎተትኩ፣ በሆዳቸው እየገፋሁ ነው የማወጣቸው። እንደማይሰማቸው ናቸው።

በነሐሴ መጨረሻ ሬዲዮ አመጣልኝ፤ ያችን በእጅ የምትያዝ። ያኔ ማረፍ ባቃተው ጊዜ የሚያነጋግረው ሰው ስላጣ ድርጅቱ የሰጠው ነው።

«ይህን ተጭነህ ታወራለህ፣ ስትጨርስ ትለቃለህ። ስጠራህ መልስ። ከብት ካለ ‹አለ› በል፣ ከሌለ ‹የለም› በል። ሌላ እንዳትዘበዝብ።»

«እኔ የጠራሁህንስ መልሰሃል?» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ፤ ዓይኑ ገብቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ለካ እሱም አልረሳም። «ሩፋኤል ዕለት የምመጣው የመጨረሻዬ ነው» አለ። «ሰዓቴ ይሞላል። ከዚያ ወዲያ አታዩኝም።» እሱ ደስ ብሎት ነው የተናገረው። እኔ ግን ቃሉን አልወደድኩትም።

ይህን የሰማች ጥሩሐረግ አጥሩን ተሻግራ መጣች። «አያ ደሴ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ። ሲመጣ ገና ከመሰላሉ ሳይወርድ ይጥሩት። አንዴ ብቻ ነው የቀረው። ‹አቤት› ካለልኝ ሮጬ ሸሚዙን አጥፋለሁ። ከዚያ ዓረብም ይሂድ የፈለገበት ይሂድ።»

«እሺ» አልኳት። ከልቤ ነው እሺ ያልኩ።

የሩፋኤል ዕለት እንደምታውቁት ዝናቡ ጠበል ነው። ሰዉ ሁሉ፣ ሕፃን ሽማግሌው፣ ደጅ ወጥቶ ይጠመቃል። ከከተማው የልጆች ጩኸት ይሰማኛል። ማረፊያው ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ደመናው መሬት ተኝቷል። ነጫጮቹ ድንጋዮች አንድ፣ ሁለት ታይተው ሦስተኛው የለም። እሳቱ በዝናቡ እየተንጫጫ ይጨሳል፤ ጭሱ ወዴትም አያዘነብልም፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ደመናው ውስጥ ይገባል። በደሃና በኩል ብቻ፣ ከተራራው ጥግ፣ ሰማዩ እንደተቀደደ ጨርቅ ትንሽ ተከፍቷል።

ድምፁ መጣ። ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። የመጀመሪያው፣ ምንም የማይታይበት ድምፅ ነው ወይስ የኋለኛው? ዛሬ ምሳም አልበላሁ። ከብቶቹ መንደርደሪያው መሀል ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ጆሯቸው አይንቀሳቀስም።

ሬዲዮዋ ተንጫጫች። «አያ ደሴ» አለኝ።

ቀጥ አልኩ። አያ! ከልጅነቱ ወዲህ፣ ከዚያ የደጃፍ ላይ ፌዙ በቀር፣ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ድምፁም የልጅ ድምፅ ነው፤ አጥር ተሻግሮ እሳት ሊጭር የሚመጣው የያኔው ልጅ። አውራ ጣቴ ቁልፏ ላይ ነበር። የቄሱ ነገር ትዝ አለኝ፦ የሚመልስ ይከተለዋልና።

ሄድኩና ከብቶቹን አስነሣኋቸው፤ በዱላ፣ በእግር፣ በትከሻዬ። ሥራዬ እሱ ነው። ላሞቹ እየከበዱ ወጡልኝ። መንደርደሪያው ባዶ ሆነ።

«አያ ደሴ፣ ይሰሙኛል?» አለ። ከላዬ ድምፁ እየዞረ ነው፤ ዝቅ ብሏል፤ ጠጠሩ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። «ነዳጄ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ትንሽ ነው የቀረኝ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰማሁት። ወደ ደሃና ቀና አልኩ፤ ክፍቱ ገና አልተዘጋም። ቁልፏን ብጫናት አንድ ቃል ነው፤ «በደሃና በኩል» ማለት ነው። ጥሩሐረግ ያለችኝም ትዝ ይለኛል፤ ግን እሷ ያለችው ከመሰላሉ ላይ ሳለ ጥራው ነው፤ እሱ ሲጠራህ መልስለት አላለችም። ደግሞ የሚጠራኝ እሱ ለመሆኑ ማን ምሎ ይነግረኛል? እሱ ከሆነ ያስተማረኝ እሱ ነው፦ አለ በል፣ የለም በል፣ ሌላ እንዳትዘበዝብ። እሱ ካልሆነ ደግሞ…

«አያ ደሴ» አለ ሦስተኛውን፤ አሁን ሹክ እንደ ማለት ነው፤ «አንቱ… ሰማዩ እንዴት ነው?»

ሰማዩ። እኔን ነው ሰማዩን የሚጠይቀኝ።

ሬዲዮዋን ነጩ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ስሜን መጥራቷን አላቆመችም። ዱላዬን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ፣ ኩታዬን ራሴ ላይ ጣል አደረግኩና ጀርባዬን ሰጥቼ በዝናቡ ውስጥ ሄድኩ።